ይህች ሴት ልብስ አጥባ አታውቅም

ባለፈው ዓርብ ሌሊት በሕልሜ የፊልም ሐያሲ ሆኜ አደርኩ።

ሐያሲ ማለት ፊልምና ድራማ አይቶ ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። ይህን ያወቅኩት ከልጄ ከፌቨን ነው፤ ሥራዋ እሱ ነው፣ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለች። እኔ አስካለ ግን የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው ያሳደግኳት። ፊደል መቁጠር የጀመርኩት ዘንድሮ በቀበሌያችን የጎልማሶች ትምህርት ነው፤ እሱንም የልጄን ጽሑፍ በገዛ ዓይኔ ላንብብ ብዬ ነው።

ሐሙስ ዕለት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። የጋዜጣው ባለቤት አቶ ዘገየ «የወይዘሮዋ ሰባት ሠርግ» የሚባለውን ድራማ አመስግነሽ ጻፊ ብለዋታል። ዋናዋ ተዋናይ ሚስታቸው ናት። «ካላመሰገንሽ ሰኞ እንዳትመጪ» ብለዋታል። ድራማው ደግሞ አይረባም። እኔ የቤት ኪራዩ ታየኝና ደነገጥኩ።

«ምን አለበት ልጄ፣ አመስግኚያ! ካፈርሽም እናቴ ወዳዋለች በይ» አልኳት።

ወረቀቷን ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ዓርብ ጽሑፏን አስረከበች። ምን ብላ ጽፋ እንደሰጠቻቸው ሳላውቅ ተኛሁ።

በሕልሜ ቀን ነበር፤ ቤቴ ሽሮ እሠራለሁ። ቴሌቪዥናችን አልጋዬ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ እኔን ያያል። ሽሮው ሊገነፍል ሲል «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አለና እጄን አየር ላይ አስቆመው። ሽሮው ምድጃው ላይ ፈሰሰ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሰለቸሽኝ። ክፍል ሁለት መቶ ደርሰሻል፣ አሁንም ሽሮ ነው!» አለኝና በሪሞቱ ቀየረኝ። ወዲያው ጎረቤቴ ብርነሽ በእኔ ቦታ ቆማ ማማሰል ጀመረች፤ እኔ ደጅ ተገኘሁ።

ደጅ የፊደል አስተማሪዬ መምህር ደረሰ ይጠብቀኝ ነበር። አውራ ጣቱ በቀለም ጠቁሯል።

«እትዬ አስካለ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ! እኛ የተማርነው መፍረድ ተከልክለናል፤ የምንፈርመውም በጣታችን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፍርድ የጀማሪ ነው» አለኝ።

«እኔ እኮ ገና መሥመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው።»

«ለዚህ እኮ ነው የተመረጡት! በጣቱ የሚያነብ ሰው መሥመር አይዘልም።»

እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተከተልኩት።

ሲኒማ ቤት ገባን። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ተዋንያንና አዘጋጆች ናቸው። ተመልካቹ ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው፤ ፈንዲሻ ይበላል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ያዛጋል። ተዋንያኑ «ወይኔ፣ ይህ ሰውዬ ሲያዛጋ እንዴት ያሳምናል!» እያሉ ያለቅሳሉ። አንድ ጺማም አዘጋጅ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ።

«እማማ፣ በማርያም ይስደቡኝ!»

«ምን አድርገህ?»

«ባለፈው ሳምንት አንዱ ጋዜጣ ላይ አመሰገነኝ። እናቴ አፍራ ዕድር መሄድ ትታለች።»

«በል ተነሣ። ፊልምህ ውስጥ ሰውዬው መኪና ሲነዳ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀህብኝ፤ የትም አልደረሰም» አልኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ሌሎቹም ተሰለፉ። አንዱን «የድሃ ቤት ነው ባልከው ሳሎን ውስጥ የሶፋው ላስቲክ እንኳ አልተነሣም» አልኩት። አንዷን ደግሞ «ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ከንፈርሽን ማን ቀባልሽ?» አልኳት። ሁሉም መርቀውኝ ሄዱ።

ወዲያው ቴሌቪዥናችን የዳኛ ካባ ለብሶ መጣ። ከኋላው ፌቨንን እጇን አስረው አመጧት።

«ይህች ልጅ ሳታምንበት አመስግናለች። ቅጣቷ በዚያው ድራማ ውስጥ ስምንተኛዋ ሙሽራ ሆና ዕድሜ ልኳን መተወን ነው» አለ። «ምን ትያለሽ?»

ፌቨን አቀረቀረች። «እናቴ ናት አመስግኚ ያለችኝ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ቴሌቪዥኑ ጠመኔ አቀበለኝ።

«አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ከጻፍሽ እንፈታታለን። አንድ ብቻ።»

ድራማው ስክሪኑ ላይ ተከፈተ። የአቶ ዘገየ ሚስት ሳፋ ፊት ተቀምጣ ታጥባለች። ነጩንና ቀዩን አንድ ላይ ዘፍዝፋዋለች። ሸሚዙን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ለጥፍሯ እየሳሳች፣ ውኃው ላይ ታርገበግበዋለች። አንገትጌውን አልነካችውም። እኔ ሠላሳ ዓመት ልብስ አጥቤአለሁ፤ የሸሚዝ እድፍ ያለው አንገትጌው ላይ ነው።

ሄድኩና ስክሪኑ ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ «ይህች ሴት ልብስ አጥባ አታውቅም።»

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ተዋናይዋ እጇ አረፋ እንደያዘ ከስክሪኑ ወጥታ አቀፈችኝ። «እትዬ፣ እስቲ አንገትጌው እንዴት ነው የሚታሸው?» አለችኝ። አሳየኋት። የፌቨን እጅ ተፈታ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ እንዳንቺ ነው የምጽፈው» አለችኝ።

«ጻፊ ልጄ! የኪራዩን ነገር ለእኔ ተዪው!» ብዬ ጮህኩ።

«እማዬ! ምን ያስጮህሻል? ተነሺ፣ ጋዜጣው ወጥቷል።»

ነግቷል። ፌቨን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋዜጣውን ጭኔ ላይ ዘረጋችና ስሟን አሳየችኝ። «አንቺው አንብቢው» አለችኝ፤ ፊቴን ግን አታይም። ጣቴን ከመሥመሩ ሥር አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

«የወይዘሮዋ ሰባት ሠርግ ከእውነተኛ ሕይወት የተቀዳ ድንቅ ሥራ ነው። በተለይ ዋናዋ ተዋናይ ልብስ የምታጥብበት ክፍል ልብ ይነካል። ለዚህም ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ያጠበችው እናቴ ምስክር ናት።»

አንድ ፊደል አልሳትኩም። መሥመርም አልዘለልኩም።

«እማዬ፣ ሳትደናቀፊ አነበብሽው!» አለችና ልጄ አጨበጨበችልኝ።