የዲጋው አቶ ማዘንጊያ

ከወገቡ በታች ያመመውን በራሱ ስም የሚናገር ወንድ እስካሁን አልተወለደም። ጥርሱን ቢያመው ለመንደሩ ያሰማል። ወገቡን ቢያመው እንዲያውም ይኮራበታል። ከዚያ ትንሽ ወረድ ካለ ግን ወዲያው አንድ ጓደኛ ይኖረዋል።

መምህር አሻግሬም ጓደኛ ነበረው። ከጎጃም ተመድቦ ነቀምት የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ድርቤን አግብቶ፣ ኦሮምኛውን በጎጃም ቅላጼ እያንበለበለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ጓደኛው ደግሞ ክቡር አቶ ማዘንጊያ ይባላሉ። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ የሚኖሩት ከነቀምት ወጣ ብላ በምትገኘው ዲጋ ነው። ከእምብርታቸው በታች፣ በሁለቱ እግሮቻቸው መካከል፣ በተቀመጡ ቁጥር ፍም ላይ የተቀመጡ ያህል ያቃጥላቸዋል። ሁለት ዓመት ሆናቸው። ዲጋ ድረስ ሄዶ ለፈለጋቸው ሰው ግን አይገኙም፤ የሚቃጠለው አሻግሬ ነው።

ለአቶ ማዘንጊያ ያልተጠየቀ ሰው የለም። ሠርግ ላይ የተገኘ ሐኪም ምግቡን ሳይጨርስ ስለሳቸው ይሰማል። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ፣ «ዕድሜው ስንት ነው?» አለችው።

«የእኔ እኩያ ነው።»

«ክብደቱስ?»

አሻግሬ ሳያስበው ሚዛኑ ላይ ወጣ።

አንቲባዮቲክ ሦስት ጊዜ ታዘዘላቸው፤ አቶ ማዘንጊያ ሦስቱንም ጊዜ በአሻግሬ አፍ ዋጡት። ስብሰባ ላይ ወንበር ሲቀርብለት፣ «ቆሜ ይሻለኛል፣ ሐሳብ የሚመጣልኝ ስቆም ነው» ይላል። ባልደረቦቹ አመኑት፤ ሁለቱ እንዲያውም እሱን አይተው መቆም ጀመሩ።

ለድርቤ የነገራትም የጓደኛውን ሕመም ነው። የራሱን ግን ዋጠው። ፍራሽ አውርዶ ሳሎን መተኛት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። «ወረቀት ስለማርም መብራቱ እንዳይረብሽሽ ነው» አላት። ድርቤ ለአቶ ማዘንጊያ ግን አዘነች። አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅላ፣ በቅቤ አሽታ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጋ፣ «ለዚያ ምስኪን አድርስለት። ሚስቱም መቼም ልቧ ተሰብሯል» ትላለች። አሻግሬ መምህራን ክፍል ጥግ ላይ ቆሞ ይበላዋል።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም፣ «ለጓደኛህ እንዲህ በለው» አለ። «ምርመራው ኢንፌክሽንም ዕጢም አላሳየም። ከዳሌ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ተኮማትረው አልፈታ ብለው ሊሆን ይችላል። የማግኔት ወንበር ያለው ክሊኒክ አለ፤ ይሞክረው።»

የወንበሩ ባለሙያ ሐሴት ትባላለች። ልብስ እንደማይወለቅ፣ መርፌ እንደሌለው፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው ማግኔት ጡንቻውን እያኮማተረ እንደሚለቀው አስረዳችው። ሁሉንም ማስታወሻው ላይ ጻፈና፣ «ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ» አለ።

«ይንገሯቸው፤ ግን ወንበሩ ላይ ራሳቸው ናቸው የሚቀመጡት» አለች።

አሻግሬ በሩን አየ፣ ወንበሩን አየ። «እኔ ነኝ ማዘንጊያ» አለ። ካርዱም በዚሁ ስም ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ድርቤን፣ «ዲጋ ሄጄ ማዘንጊያን ልጠይቀው» እያለ ይወጣል። ወንበሩ ጠቅ ጠቅ እያለ ከሥር ይኮረኩረዋል፤ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ለመደው፣ በሦስተኛው ቅዳሜ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው።

በአራተኛው ቅዳሜ ክሊኒኩ ሲገባ ድርቤ ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራ መጠበቂያው ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«የሰውየው ካርድ ሱሪህ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቀጠሮው ዛሬ ይላል። ያለ ካርድ እንዳይመልሱት ብዬ አመጣሁለት። በዚያውም ልጠይቀው።»

ሐሴት በሩን ከፈተች። «አቶ ማዘንጊያ፣ ይግቡ።»

ማንም አልተነሣም። ሐሴት አሻግሬን በቀጥታ እያየች ደገመችው። አሻግሬ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ።

ድርቤ ቀና አለች። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ተከትላው ገባች። ወንበሩ ሥራውን ጀመረ። «የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«አንቺን?»

«ፍራሽ ለየህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲጋ ትሄዳለህ። እዚያ ሴት አለችው ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።»

«ታዲያ አንጮቴውን ለምን ትልኪ ነበር?»

«ምናልባት ሰውየው እውነት ከሆነ ብዬ።»

አሻግሬ፣ «አፍሬ ነው» አላት። «ብትነኪኝ እንደሚያመኝ በምን አፌ ልንገርሽ? ቃሉ አልወጣ አለኝ።»

«በአማርኛ ካፈርክ በኦሮምኛ አትነግረኝም ነበር?»

«በሱም ቃሉን አላውቀውም።»

ሐሴት የማሽኑን ቁጥር የምታይ መስላ ፊቷን አዞረች። ድርቤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ቃሉን ነገረችው። አሻግሬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

ወንበሩ ተአምር አልሠራም። ከአሥራ ሁለት ቀጠሮ በኋላ ሕመሙ ቀለለ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ ፈተና ሲፈትን በዋለ ቀን ይመለስበታል። አንድ ሙሉ ስብሰባ ግን ተቀምጦ ጨርሷል። ፍራሹም ከሳሎን ተነሥቷል።

ይህ ሁሉ ኋላ የሆነ ነው። የዚያን ቅዳሜ ከክሊኒኩ ሲወጡ ድርቤ ባጃጅ አስቆመች። አሻግሬ ባጃጅ ከተወ ቆይቷል፤ መቀመጫውን ስለሚፈራ፣ «እግር ማፍታታት ጥሩ ነው» እያለ በእግሩ ነው የሚሄደው። አሁን ግን ዝም ብሎ አጠገቧ ገባ። ኮረኮንቹ ጋ ሲደርሱ ፊቱን አየችው።

«ያመሃል?»

ከልማዱ የተነሣ አይ ሊላት አፉን ከፈተ። «ያመኛል» አለ።

ድርቤ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገች። «ሱታ ኦፊ፣ ኦቦሌሳ። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ወንድሜ፤ ባሌን መቀመጥ ያመዋል።»

ሁለት ዓመት የተደበቀው ነገር ባጃጅ ውስጥ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። አሻግሬ እፍረቱን ጠበቀው፤ አልመጣም። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉድጓዱን ዳር ዳሩን ዞረው። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ድርቤ የባሏን እጅ ይዛ ዞር ብላም አላየቻቸው።