ከበረዶው በፊት የተላከ ቃል

የመቅሠፍት ታሪክ ሲነበብ ሁላችንም የምንቆምበትን ቦታ አስቀድመን መርጠናል። ባሕሩ ሲከፈል ከሚሻገሩት ጋር ነን። ደሙም፣ ጓጉንቸሩም፣ አንበጣውም የሚወርደው በጎረቤት ጓሮ ነው። እስቲ እናንተው ንገሩኝ፤ ኦሪት ዘፀአትን አንብቦ «እኔ እኮ የቆምኩት ከፈርዖን ሰዎች መካከል ነው» ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ብቻ አውቃለሁ። እሳቸውም የሚስቴ አክስት ናቸው።

ጎንደር ሳለን መቅሠፍት የሚለው ቃል ለሁሉ ይበቃ ነበር። አጥር የሚጥስ በሬም መቅሠፍት፣ ሳይጠሩት የሚመጣ አማችም መቅሠፍት። እስራኤል ከገባን ወዲህ ግን ነገሩ ሥርዓት ያዘ። በፋሲካ ማዕድ ዙሪያ አሥሩን በስማቸው እየጠራን ለእያንዳንዱ ከጽዋችን ጠብታ ወይን እናፈሳለን፤ ጠላትም ቢሆን ሰው ሲጠፋ ደስታችን ሙሉ አይሁን ነው ትርጉሙ። ክርስቲያኑ ደግሞ ከዘፀአት ጀምሮ እስከ ዮሐንስ ራእይ ድረስ መቅሠፍቱን እየቆጠረ «ንስሐ ግባ» የሚል ድምፅ ይሰማበታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ቂርያት ማላኪ ውስጥ በምኩራባችን ጥያቄ ሲነሣ ማንም ሳይጠይቀኝ የምመልሰው እኔ ነኝ።

እኚህ አክስት፣ እማማ ጥሩዓለም፣ የመጡት ዘግይተው ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ተጠምቀው ከክርስቲያኑ ጋር የኖሩ ስለሆኑ፣ እዚህ ሲደርሱ «ጊዩር» የሚባለውን ወደ አይሁድነት የመመለሻ ትምህርት ተምረው በሦስት ዳኞች ፊት መፈተን ነበረባቸው። ትምህርቱ ጌዴራ ነው። እኔ ከፋብሪካ ስወጣ በመኪናዬ አደርሳቸዋለሁ፤ ያም እንዳይበቃኝ መንገዱን ሙሉ አስጠናቸዋለሁ። ዳም፣ ጽፋርዴዓ፣ ኪኒም እያልኩ አሥሩን መቅሠፍቶች በዕብራይስጥ አዘምራለሁ። እሳቸው ሦስቱን ይሉና የብርቱካን እርሻውን ያያሉ። ስድስት ወር ሙሉ ወደ አራተኛው አላለፍንም።

አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ፣ ከአሥሩ አንዱን እንኳ በደንብ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በረዶውን አስታውሳለሁ አሉኝ። እኔ የፈለግሁት ተራውን እንጂ በረዶውን አልነበረም፤ ስለዚህ አልሰማኋቸውም። የአስተማሪ ነገር እንዲህ ነው። ጆሮው ላይ መልሱ ቢጮህ፣ በጠየቀው ቅደም ተከተል ካልመጣ አይሰማም።

የፈተናው ቀን ደረሰና ያቭኔ ወደሚገኝ ቢሮ ሄድን። እማማ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ሙሽራ እናት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የቢሮው አስተርጓሚ ሚስቱ ወልዳለት ስላልመጣ እኔ እንዳስተረጉም ተፈቀደልኝ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ይህ ፈተና ካልተሳካ ትምህርቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። እማማ ደግሞ በዚያ ዓመት ሰባ ሁለት ሞልቷቸዋል። እንደ አዲስ የመጀመር ዕድሜ አይደለም።

ስለ ሰንበት ጠየቋቸው፤ መለሱ። ስለ ሥጋና ወተት ጠየቋቸው፤ መለሱ። ከዚያ መካከል ላይ የተቀመጠው ሽበታም ዳኛ እግዚአብሔር በግብፅ ላይ መቅሠፍት ያወረደው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ደነገጥሁ። እኔ ያስጠናሁት ስማቸውን እንጂ ለምንነታቸውን አይደለም።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና በአማርኛ ጀመሩ።

«እኔ ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁ። በረዶ ሲመጣ ሰማዩ ያስታውቃል፤ ላሞቹን እየነዳህ ትሮጣለህ። ግብፆች ግን በረዶ አያውቁም። እና እግዜር ምን አደረገ? ሳያወርደው በፊት ቃል ላከላቸው። ነገ በረዶ አወርዳለሁና ከብትህን ከሜዳ አስገባ አለው፣ ፈርዖንን። ሊያጠፋው የፈለገ ጌታ ለጠላቱ ላም ያስባል? ከፈርዖን ሰዎችም ቃሉን የፈሩ ነበሩ። አገልጋዮቻቸውንም ከብቶቻቸውንም አስገቡና ተረፉላቸው። መቅሠፍት እንዲህ ነው። ከፊቱ ቃል ይመጣል፤ የሰማ ይገባል።»

አስተረጎምሁ። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ላሞቹን ግን አንድ ቀን አላየኋቸውም።

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ። ይህን ጌዴራ አስተማሯቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። እማማ ምንም ሳያመነቱ መለሱ።

«ኧረ በልጅነቴ ነው። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ሲያነቡ ሰምቼ።»

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሰባ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዳኞች፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን። እኔ የማደርገውን አደረግሁ። «በልጅነታቸው፣ በአገራቸው ሰምተውት ነው» ብዬ በዕብራይስጥ አሳጠርሁት። ውሸት አይደለም፤ ትንሽ ተላጭቶ ነው እንጂ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። አሥሩን መቅሠፍት መያዝ ያቃታቸው ሴትዮ የጎደለችውን አንዲት ቃል ያዙና በስሜ ጠሩኝ።

«አለልኝ፣ ክኔሲያ አላልክም።»

ክኔሲያ በዕብራይስጥ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀስ ብዬ በአማርኛ፣ ይቅር እማማ፣ አይጠቅምም አልኋቸው።

«ያልሁትን ንገራቸው። እውነት ለመናገር ነው የመጣሁት።»

ነገርኋቸው። በስተቀኝ ያለው ወጣቱ ዳኛ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ሽበታሙ ግን እሳቸውን እያየ፣ ታዲያ በዚያ ታሪክ ውስጥ ራስዎን የት ያገኙታል ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በየትኛውም የጥናት ወረቀት ላይ የለም።

«ደሜ ከያዕቆብ ነው» አሉ እማማ፣ «ያደግሁት ግን በሌላ ቤት ነው። እስራኤል ሲወጡ ሌላም ብዙ ድብልቅ ሕዝብ አብሯቸው ወጣ ይላል። እነዚያ ከብታቸውን ያስገቡት ሰዎች ይመስሉኛል። ቃሉን እዚያው ሆነው ሰምተው፣ በኋላ ተከትለው የወጡት። እኔም ዘግይቼ ወጣሁ እንጂ ሰምቻለሁ።»

ይህንን አንዲት ቃል ሳላጎድል አስተረጎምሁ። ሽበታሙ ዳኛ መጽሐፉን ገልጦ ስለ በረዶው የተጻፈውን ለሁለቱ አነበበላቸው። ከዚያ ወደ ውጭ አስወጡን። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። እማማ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ ኮሪደሩን በእርምጃ ለካሁት። ተመልሰን ስንገባ ሦስቱም ቆመው ጠበቋቸው። እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ «ማዘል ቶቭ» እማማም ያውቋታል።

እንባቸው ወረደ። የእኔንም አትጠይቁኝ።

መኪና ውስጥ ገና ሳልነሣ ስልኬን አውጥቼ ለዘመድ ሁሉ ደወልሁ። እንዴት እንደተናገሩ፣ ዳኛው እንዴት ብዕሩን እንዳስቀመጠ፣ ሁሉንም እየደጋገምሁ አወራሁ። ስለ አሳጠርኋት ቃል ግን ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ወሬ ከመኪና ይፈጥናልና ቂርያት ማላኪ ስንደርስ ጎረቤቶች ሕንጻው በር ላይ ቆመው እልል አሉ። አንዷ እጄን ጨብጣ፣ ስድስት ወር ሙሉ አመላልሰህ አስተምረህ ለዚህ አበቃሃቸው አለችኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ። እንዲያውም «አይደለም፣ እኔ እኮ» እስከሚለው ደርሼ ነበር።

እማማ ጥሩዓለም ቀደሙኝ። ክንዴን ይዘው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አዎ፣ ያስተማረኝ እሱ ነው» አሉ።

በዳኞች ፊት አንዲት ቃል እንኳ እንድትጎድል ያልፈቀዱት ሴትዮ፣ ለእኔ ሲሉ አንዲት ቃል ጨመሩ። እኔም ምን ላድርግ፤ ቤሰደር፣ እሺ ብዬ ተቀበልሁ።