ስለቱ ገብቷል

ዋኘው፦ አይሆንም አልሁህ! ቀጭን ፑንታ ከወፍራም ፑንታ ጋር አንድ ቤት አይተኛም!

አለበል፦ ምነው አያ ዋኘው፣ ይጣላሉ?

[ዋኘው ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ጎንደር፣ ጓሮው ውስጥ የእንጨት ሥራ ክፍል ከከፈተ ወዲህ ከስልኩ ቪዲዮ ያልተማረው የለም። የሠራው ነገር ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዲት በርጩማ እንኳ የለችም። ዛሬም ጠዋቱን ሙሉ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አለበል ሞልቶልኛል ብሎ ባመነው ባለ ብዙ ቤት ሣጥን ክዳን ላይ የመሣሪያ ስም ሲለጥፍ ዋለ። አለበል የሚስቱ የአስናቀች ወንድም ነው። ለደብሩ ንግሥ ከገጠር፣ ከድብ ባሕር ቢመጣ እንግድነቱ ወደ አሽከርነት ዞረበት።]

ዋኘው፦ መጣላት ሳይሆን ሥርዓት ነው! የሚበሳው ፑንታ ለብቻው፣ የሚፈለፍለው መሮ ለብቻው፣ ምላጭ ለብቻው!

አለበል፦ ሸጋ ነው። የእታለም የወጥ ቤት በርስ?

ዋኘው፦ እሱን ደግሞ ምን አጣደፈው?

አለበል፦ ዛሬ ማታ የንግሥ እንግዳ አለባታ። «በሩ ሳይገጠም ከመሸ ያንን ክፍል እቀማዋለሁ» ስትል ሰምቻለሁ።

[ዋኘው ደነገጠ። ከዚህ ክፍል ከወጣ የት ይውላል? የቀበሌ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ ሪህ ሊያወራ ነው? ቢሆንም ድንጋጤውን ዋጥ አደረገ።]

ዋኘው፦ ጣውላው ተቆርጧል፣ ማጠፊያው ተገዝቷል። መግጠም ማንም ይገጥማል፤ ቁም ነገሩ አያያዝ ነው! ይልቅ ጠዋት ያዘዝሁህን ፈጸምህ?

አለበል፦ «ስለቱን ሁሉ ሰብስበህ አስገባ» አይደል ያሉኝ? አስገባሁ።

ዋኘው፦ አንድም ሳታስቀር?

አለበል፦ የስለት ነገር! ማን ደፍሮ ያስቀራል?

ዋኘው፦ ጎሽ! ለመሆኑ ተስለዋል?

አለበል፦ እሱንማ እርስዎ ያውቃሉ። ካልተሳሉ ለምን ይገባል?

ዋኘው፦ [በኩራት] አየህ፣ ስለት በሥርዓት ሲገባ ዕድሜ ይረዝማል።

አለበል፦ ካህናቱም «ዕድሜውን ያርዝምለት» ብለው መርቀዋል።

ዋኘው፦ የምን ካህናት?

አለበል፦ የተቀበሉኝ ናቸዋ!

[ዋኘው ሣጥኑን በርግዶ ከፈተው። ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው።]

ዋኘው፦ አንተ! መሮዎቼስ? ፑንታዎቼስ?

አለበል፦ ለደብሩ አስገባኋቸዋ! ስለት ሌላ የት ይገባል? «አቶ ዋኘው ስለታቸውን በጆንያ አስገቡ» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲነገር እልልታው ቀለጠ። እርስዎ ጆሮዎን ወትፈው ነው እንጂ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዋኘው፦ ወይ ጉዴ! ስለት ያልሁህ እኮ ስሉን፣ የሚቆርጠውን ነው! አንተ ድንጋይ!

አለበል፦ ታዲያ በንግሥ ቀን እንዲህ ተብሎ ይታዘዛል?

ዋኘው፦ ተነሥ! ሄደን እናስመልስ!

አለበል፦ ስለት ይመለሳል አያ? ኋላ ምን ሊያመጣብዎ!

[ዋኘው አማተበና ተመልሶ ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ዘሎ ተነሣ።]

ዋኘው፦ ለጨረታ ያወጡታል አይደል? ተጫርቼ እገዛዋለሁ!

አለበል፦ ወጣ፤ ተሸጠም።

ዋኘው፦ ለማን?

አለበል፦ ሰው ሁሉ ጃንጥላውና በጉ ላይ ሲረባረብ፣ አንድ ከገጠር የመጣ ሰው ብቻ ጆንያውን አነሣው።

ዋኘው፦ እሰይ! ገጠሬ ፑንታ ምኑ ነው? ያለበትን ብቻ ንገረኝ፣ ሁለት ቃል ተናግሬ እቀበለዋለሁ!

አለበል፦ ፊትዎ ቆሜያለሁ፤ ይናገሩ።

[በዚህ መሐል ከወጥ ቤቱ በኩል በር ገጭ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ፤ የአስናቀች እልልታ ተከተለ።]

ዋኘው፦ ማ... ማን ገጠመው?

አለበል፦ እርስዎ ስም ሲለጥፉ፣ እኔ በገዛሁት ዕቃ ገጠምሁት።

ዋኘው፦ [ፊቱ በራ] ተመስገን! እንግዲያ ክፍሉ ተረፈ በለኛ!

አለበል፦ ተርፏል አያ። እታለም ቁልፉን ሰጥታኛለች፤ ጎረቤትም ሁለት መስኮት አዞኛል። በሉ፣ ሣጥንዎን ይዘው ሲወጡ መዝጊያውን መለስ ያድርጉልኝ፤ ሥራ ይዣለሁ።