የአዋሽ ዋንጫና የሰመራው በረኛ

ያሸነፈ የእግር ኳስ ቡድን አንድ የማይለወጥ ጠባይ አለው፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር ተጫዋቹ ይበዛል። የተሸነፈ ቡድን ግን እየመነመነ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈልጋችሁ የምታገኙት ቢኖር አንድ ተቀያሪ ነው፤ እሱም ያን ቀን አሞኝ አልተሰለፍኩም ይላችኋል። ይህን የደረስኩበት በመጽሐፍ አይደለም። የትምህርት ቤታችንን የስፖርት ቡድኖች ታሪክ ጻፍ ተብዬ አዋሽን በፀሐይ ስዞር ነው። ዋንጫ ባመጣው ቡድን ውስጥ ነበርኩ ያለኝን ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ባሰልፈው ኖሮ፣ ኳሷ የምታልፍበት ቀዳዳ አይገኝም ነበር።

ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ታሪክ አስተማሪ መሆን ማለት ደግሞ፣ ለማያውቅ ሰው ልንገር፣ ለየበዓሉ ንግግር መጻፍና በየቀብሩ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ነው። የሒሳብ መምህራችንን የሟቹን ዕድሜ ደምርልን ያለው ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ብዕር የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል። ይሁንና ይሄኛውን ትእዛዝ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ያዘዙኝ በዚህ ዓመት ከጭፍራ ተዛውረው የመጡት አዲሱ ዳይሬክተራችን አቶ ያዮ ናቸው፤ የዝውውር ማመልከቻዬ የተቀመጠው ደግሞ አቶ ያዮ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ባለቤቴና ልጄ ደሴ ናቸው። እኔ አዋሽ ነኝ። ልጄ ድሮ ስልክ ስታነሳ፣ አባዬ መቼ ትመጣለህ ነበር የምትለኝ። ሰሞኑን መቼ ይመጣሉ ማለት ጀምራለች። ሌላ ሰው ቢሆን ልጄ ሥርዓት አወቀች ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። የኔ ሆድ ግን ባባ። ልጅ አባቷን አንቱ የምትለው ወይ ስታከብረው ነው፣ ወይ ስትረሳው። የኔዋ የትኛው እንደሆነ በስልክ መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ አቶ ያዮን የሚያስደስት ታሪክ ልጽፍ፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሊፈርሙልኝ፣ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ በሚሌ በኩል ወደ ደሴ ልወጣ ቆርጬ ተነሳሁ። ታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ዓላማ ሲኖረው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ ያገኘሁት የሯጮቹን ቡድን ነው። ትምህርት ቤታችን አንድ ጊዜ ከአዋሽ እስከ አዋሽ አርባ የሩጫ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። መንገዱ የጅቡቲ መንገድ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ሙቀት፣ አስፋልት ዳር፣ አንድ ወጣት እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ ያየ የከባድ መኪና ሹፌር ምን ያደርጋል? ይቆማል። ምን ሆነህ ነው ይላል። ሯጩ ምንም አልሆንኩም ቢለው ያምነዋል? እዚህ አገር ምንም ሳይሆን የሚሮጥ ሰው አይታወቅም። አንዱ ደግ ሹፌር በሩን ከፍቶ ግባ፣ ሐኪም ቤት ላድርስህ እያለ ሲለምነው፣ ልጁ ትልቅ ሰው ለምኖኝ እንዴት እንቢ እላለሁ ብሎ ገባ። አንደኛ ወጣ። ዳኞቹም ሰረዙት። ልጁ፣ አሁን የልጆች አባት ነው፣ የተቀጣሁት በጨዋነቴ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያምናል። እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

የመረብ ኳስ ቡድንም ነበረን። መረቡን ለፍየሎች በረት የተዋሰ ሰው ሳይመልሰው ቀረ። ቡድኑ ለጥቂት ጊዜ መረብ አለ እያለ ተጫወተ። ግን ኳሷ በላይ ትለፍ በሥር ትለፍ በምን ይታወቃል? ከጨዋታው ክርክሩ እየረዘመ ሄዶ ተጫዋቾቹ ተኮራርፈው ተበተኑ።

እንግዲህ ለታሪክ የሚበቃው እግር ኳሱ ብቻ ሆነ። ዋንጫው በእርግጥ አለ። ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ አንድ ጆሮው ተሰብሮ ተቀምጧል። የተገኘው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እኔ ወደ አዋሽ ሳልመጣ፣ ከሰመራ ከመጣ የትምህርት ቤት ቡድን ጋር በተደረገ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ያኔ ድርቅ ስለነበር ብዙ ተማሪ ከቤተሰቡ ጋር ከብት ተከትሎ ሄዶ ነበርና፣ ቡድን እንዳይጎድል መምህርም የማታ ተማሪም እንዲሰለፍ በሁለቱም ወገን ተፈቀደ። ወሩ ረመዳን ነበር። ፀሐዩ በረድ እስኪል ተጠብቆ ጨዋታው ወደ ማምሻው ተጀመረ። አዛን ከተባለ ጨዋታው ባለበት ይቆማል፣ ሁሉም ያፈጥራል፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል ተብሎ በሽማግሌዎች ፊት ስምምነት ተደረገ። እንዲህ ያለ ማለፊያ ስምምነት የተባበሩት መንግሥታትም ዘንድ አይገኝም።

የጨዋታውን ብቸኛ ጎል ያገባው ሰይድ ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ ያኔ የማታ ተማሪ ነበር፣ ዛሬ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሱቅ አለው። ከሰይድ ሱቅ ስኳር ሊገዛ የገባ ሰው የጎሏን ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም። ስኳሩን ረስቶ የወጣ ግን አለ። ለኔም ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ አወራልኝ። ወላሂ መምህር፣ አለኝ፣ ኳሷን ከመሐል ሜዳ ይዤ ስመጣ በረኛው ዓይኔን አየና ጎሉን ጥሎ ሸሸ። አዛን ገና ነበር፣ አላህ ምስክሬ ነው አለኝ። ባዶ ጎል ነው ያገኘሁት፣ በግንባሬም ላገባት እችል ነበር፣ ለኳሷ ክብር ብዬ በእግሬ አገባኋት አለኝ። በረኛው መልኩ ምን ይመስል ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ እሱን አላውቅልህም፣ እኔ ያየሁት ጀርባውን ነው አለኝ።

በረኛው ለምን ጎሉን ጥሎ እንደሄደ ከተማው አልተስማማም። እባብ አይቶ ነው የሚሉ አሉ። ሆዱን ቆርጦት ነው የሚሉ አሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ከጎሉ ኋላ ዘመዱን አይቶ ይሆናል አሉኝ። አፋር ዘመዱን ሲያገኝ እንደምን አለህ ብሎ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ የአገሩን ወሬ አንድ ሳያስቀር ይለዋወጣል፣ ዳጉ ይሉታል፣ ዳጉ ደግሞ ኳስ መጣች ተብሎ አይቋረጥም አሉኝ። የበረኛውን ስም የሚያውቅ ግን አንድ ሰው አጣሁ። ታሪክ እንዲህ ናት። ጎል ያገባውን ከነአባቱ ትጠራዋለች፣ ጎል የገባበትን ግን በረኛው ብላ ታልፈዋለች።

ከነዚህ ሁሉ የሰይድን መረጥኩ። ለምን ቢባል፣ እባብም የሆድ ቁርጠትም የትምህርት ቤታችንን ክብር አይጨምሩም። በረኛው ፈርቶ ሸሸ ሲባል ግን ክብር አለው፣ ጭብጨባ አለው፣ ፊርማም አለው። እንዲያውም ሰይድ ሸሸ ብቻ ያለውን እኔ ብርክ ይዞት፣ ተርበድብዶ፣ ወደ ኋላው ሳይመለከት የሚል ጨመርኩበት። አቶ ያዮ የጭፍራ ሰው ናቸው፣ በሰመራ ላይ ብንኩራራ ምናቸው ይነካል አልኩ በልቤ።

የትምህርት ቤቱ በዓል ሙቀቱ ሲበርድ በግቢው ዛፎች ሥር ተከበረ። ወላጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ዋንጫ ያመጣው ቡድን አባል ነኝ የሚለው የከተማው ወንድ ሁሉ ተገኘ። ሰይድ ሱቁን ዘግቶ ከፊት ተቀምጧል። ድምፄን ሞርጄ ማንበብ ጀመርኩ። ብርክ ይዞት የምትለዋ ላይ ስደርስ ጭብጨባው ቀለጠ፤ ሰይድ ተነስቶ ለሕዝቡ እጅ ነሣ። አቶ ያዮም አጨበጨቡ። ትንሽ ቀስ ብለው ያጨበጨቡ መሰለኝ፤ የዳይሬክተር አጨባጨብ እንዲህ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ማይክራፎኑን ተቀበሉኝ። ታሪኩ ግሩም ነው አሉ። አማርኛውም ጥሩ ነው አሉ። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ልጨምርበት አሉ። ከጭፍራ በፊት ሰመራ አስተምር ነበር፣ ያን በረኛ በደንብ አውቀዋለሁ አሉ። ሕዝቡ ደስ ብሎት ሳቀ። በረኛው እኔ ነኝ አሉ። ሕዝቡ መሳቁን ተወ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ምንም ቁጣ ሳይታይባቸው ነገሩን ከሥሩ አወሩት። ስልካቸው ከጎሉ አጠገብ ቦርሳቸው ውስጥ ነበረች። ስልኳ በየሶላቱ ሰዓት አዛን የምትል ናት፤ የተሞላችው ግን በሰመራ ሰዓት ነው። ሰመራ ላይ ፀሐይ ከአዋሽ ጥቂት ደቂቃ ቀድማ ትጠልቃለች። ስልኳ አዛን ስትል አቶ ያዮ በስምምነቱ መሠረት ጨዋታው ቆሟል ብለው ወደ ቦርሳቸው ሄዱ። ተምር ጎርሰው ውሃውን ሲከፍቱ ሕዝቡ በጩኸት ተናጋ። እነዚህ አዋሾች ኢፍጣር እንዴት ቢወዱ ነው ብዬ አደነቅኳችሁ አሉ። ዞር ሲሉ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። የአዋሽ መስጊድ አዛን ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ጠየቋቸው። ምን ልበል ብለው መለሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈጠርኩ ብዬ በዚያ ሁሉ ጾመኛ ፊት ከምቆም፣ ፈሪ ልባል ብዬ ተውኩት አሉ። ጾሙን ያፈረሰ ሰው ያን ቀን ከረመዳን በኋላ መልሶ ይጾማል፤ ቀዷ ማውጣት ይባላል። እና አቶ ያዮ ማይክራፎኑን ጠጋ አድርገው፣ ጾሙን በሸዋል ወር ቀዷ አውጥቻለሁ፣ ጎሏን ግን ቀዷ የሚያወጣልኝ እስከ ዛሬ አጣሁ አሉ። ሳቁ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ያሉትን ሹፌሮች አስቆመ።

እኔ አልሳቅኩም። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ሰውየው አዋሽ ከመጡ ጀምሮ ስኳር የሚገዙት ከሰይድ ሱቅ ነው። ታሪኩን ሳይሰሙ ደግሞ ስኳር አይሸጥም። ሸሸ የምትለዋን ቃል ቆመው እየሰሙ፣ መልሳቸውን እየተቀበሉ፣ ደህና ዋል እያሉ ሲወጡ ኖረዋል። ያ ሁሉ ሳያንስ እኔ ደግሞ ብርክ ጨመርኩበት። ሰይድ ተነስቶ ሄዶ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በማግስቱ ስኳር ልገዛ ስሄድ ግን ታሪኩ ተሻሽሏል። አሁን ጎሏን ያገባው በአንድ ስሙ በማይታወቅ በረኛ ላይ ሳይሆን በዳይሬክተር ላይ ነው።

ከዚያ የቀረው የኔ ጉዳይ ነው። አቶ ያዮ ቢሮ ጠሩኝ። ያ ጆሮው የተሰበረ ዋንጫ ከራሳቸው በላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየናል። ሜዳ ላይ ያን ያህል የተራወጠ ሰው እያለ፣ ዋንጫው መጨረሻ ላይ ጎል የገባባቸው ሰው ቢሮ ገብቶ የበሩ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ መሆኑ ገረመኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቋረጡኝ። ታሪኩ አንድ ምዕራፍ ብቻ ጎድሎታል አሉኝ። በሚመጣው ረመዳን የመልስ ጨዋታ ይደረጋል፣ የድሮ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፣ እኔም ጎል እቆማለሁ አሉ። ለየትኛው ቡድን ብዬ ጠየቅኩ። ለአዋሽ ነዋ፣ የአዋሽ ዳይሬክተር አይደለሁም እንዴ አሉ። ከዚያ ማመልከቻዬን አንስተው አዩት። ታሪኩን የጀመረው ሰው ይጨርሰው፣ ጎል ሳይገባብኝ በወጣሁ ማግስት እፈርማለሁ አሉ።

ይኸው ልጄ ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ ስላት፣ እሺ፣ በሰላም ይምጡ ብላኛለች።

ያን ቀን ከቢሮው ልወጣ በሩን ስይዝ አቶ ያዮ ስልካቸውን አንስተው አሳዩኝ። ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም፣ አዛኗን በአዋሽ ሰዓት አስተካክያታለሁ አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። የመልሱ ጨዋታ የሚደረገው ግን ፀሐይ ቀድማ በምትጠልቅበት ሰመራ ነው። ይህን ላስታውሳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ትንሽ አሰብኩበትና መልሼ ዘጋሁት። አዛን ተብሎ ሰው ሁሉ እያፈጠረ ከጎሉ ንቅንቅ የማይል በረኛ፣ ደሴ ለመድረስ የቀረኝ ተስፋ እሱ ብቻ ነው።