ክቡር ቀነ ገደብ

«በቅርቡ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ሁለት ግን አይኖርም፤ ሁለት ቢኖር የቀረነው ለቅቀን እንወጣ ነበር። የእኛውን «ክቡር ቀነ ገደብ» እንላቸዋለን። በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ያንሳሉ፤ «አንቱ» የምላቸውም ከጀርባቸው ብቻ ነው። ፊት ለፊትማ «አንተ ሰውዬ» ነው የምንባባለው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ማንም በነጻ ወስዶ የሚጭነው፣ የቻለ ደግሞ ውስጡን ከፍቶ የሚያሻሽለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ዋናው ፕሮግራም፣ አለን። ሃያ የምንሆን በጎ ፈቃደኞች ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል እየተሰበሰብን እንሠራዋለን። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣል። ከመውጫው ቀን በፊት ደግሞ «መዝጊያ» የምንለው ቀን አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስህተት ይታረማል እንጂ አዲስ ነገር አይገባም። ያልደረሰ ስድስት ወር ይጠብቃል። ክቡርነታቸው የመውጫውን ቀን ግድግዳው ላይ በቀይ ይጽፋሉ፤ መዝጊያውን ግን ለእያንዳንዳችን በኢሜይል ይልካሉ። ስለ መዝጊያ እርስ በርስ አናወራም። ሁላችንም ስለምንዘገይ ወሬውን የሚጀምር ሰው የለም።

መፈክራቸው ሁለት ቃል ነው፤ «ቀኑ አይነካም።»

አንዴ የድምፅ ክፍሉን የሚሠራው ባልደረባችን ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ መጣ። ክቡርነታቸው አዘኑ፣ አቀፉት፣ ወንበር ስበው አስቀመጡት። ከዚያ «ግራው ነው ቀኙ?» አሉት። ግራው ነበር። «ተመስገን፤ ቀኑ አይነካም።»

ቤታቸውም ያው ነው። ወጥ ቤታቸውን ቀለም ሲያስቀቡ ለባለቤታቸው መዝጊያ ሰጧቸው፤ ከሐሙስ ወዲያ የቀለም ምርጫ መቀየር የለም። ባለቤታቸው ዓርብ ጠዋት አረንጓዴውን በቢጫ አስለወጡት። «ታዲያ ምን አልካት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን እላለሁ? ስህተት ማረም ነው አለችኝ» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

እኔም ተረት አላጣም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላቸው ማስታወሻቸውን አወጡና «መቼ?» አሉኝ።

ባለፈው እትም የእኔ ድርሻ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነበር። የጀመርኩት ለአክስቴ ብዬ ነው። አክስቴ አርባ ዓመት ያስተማረች መምህርት ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የድሮ ተማሪዎቿ የሚልኩላት ደብዳቤ ሳይነበብ ኮምፒውተሯ ውስጥ ተከማችቷል። እኔ ላንብብልሽ ስላት እምቢ አለች። «አንተ መስመር ትዘላለህ፤ ከልጅነትህ አውቅሃለሁ። ግን ቶሎ በል። በሰማንያ ሦስት ዓመት ስድስት ወር ብዙ ነው።»

ያንን ሰምቼም ዛሬ ነገ ስል የተነገረኝ መዝጊያ ደረሰ፤ ወሩ በገባ በአምስት። ፕሮግራሜ ገና እያንዳንዷን ነጥብ «ነጥብ» እያለ ያነባል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ክቡርነታቸው ዘንድ ሄድኩ።

«እባክህ የማርያም መንገድ ስጠኝ። አስር ቀን ብቻ።»

«አስር? እርግጠኛ ነህ?»

«አስር።»

«ቀኑ አይነካም» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። «አንተ ግን እጅህን አታጥፍ።»

አንጀቴ አረረ። በእልህ አስር ቀን ሠርቼ፣ ቢቀበሉም ባይቀበሉም ብዬ በአስራ አምስት ላኩት። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፤ ገብቷል።

በማግስቱ ለምስጋና ስሄድ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ወርደው ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ያለ ወረቀት ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከላይ «ትክክለኛው መዝጊያ፤ አስራ አምስት» ይላል። ከሥሩ የሁላችን ስም፣ በየስማችን ትይዩ ደግሞ ቀኑ ለእኛ ሲነገር የሚቀነሰው ቁጥር አለ። የክንደ ሰባራው ሦስት፣ የእኔ አስር። ከራሳቸው ስም ትይዩ እንኳ ሁለት ጽፈዋል። ቀኑ በእርግጥም አልተነካም። እነዚያ ሁሉ ወራት እኔን ሲያጠኑ ኖረዋል ለካ። ተቆጣሁ ልል ነበር፤ ግን ሆዴ ባባ። ወረቀቱን እንዳየሁ ሳልናገር ወጣሁ።

እትሙ በቀይ በተጻፈው ቀን ወጣ። አክስቴ ቤት ሄጄ ጫንኩላትና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፈትን። የጻፈላት ጡረታ የወጣ የድሮ ተማሪዋ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ሳለ ላላስረከበው የቤት ሥራ ይቅርታ ይጠይቃል። አክስቴ እስኪያልቅ ሰምታ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ቢዘገይም ተቀብያለሁ በልልኝ» አለችና ቀጣዩን አስከፈተችኝ። እስኪመሽ ድረስ አስራ ሰባት ሰማን።

ለሚቀጥለው እትም ኢሜይል ሲመጣልኝ መዝጊያው ሃያ ነው ይላል። ሠላሳ መሆኑን አውቃለሁ። ሥራዬን በሃያ፣ ያውም ጠዋት አስረከብኩ። ወዲያው ስልክ ደወሉ።

«ደህና ነህ? አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«አክስትህስ?»

«እሷም ደህና ናት።»

«መዝግቤያለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ግን ፊት ለፊት ብነግራቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁኛል። በሳምንቱ ክፍሏ ውስጥ ስገባ ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ከስሜ ትይዩ አስር ተሰርዞ ዘጠኝ ተጽፏል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።