ጣሊያንኛ የተናገረው ኮምፒውተራችን

ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ጠባይም አብሮ ነው የሚገዛው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ወንበሩ የሌላ ሰው ጀርባ ለምዶ ታገኙታላችሁ። ያገለገለ አልጋ ደግሞ... ይቅር፣ የአልጋውን ነገር እንተወው። እኔ የገዛሁት ኮምፒውተር ነው።

የሸጠልን እዚህ ናይሮቢ፣ ሩንዳ ሰፈር ይኖር የነበረ ጣሊያናዊ ነው። የሥራ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ሲሸጥ ደረስን። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ይሠራ ነበር፤ ባለቤቴ ጽጌ ነካ ነካ አድርጋ ወደደችው፤ ተሸክመን ኪሊማኒ፣ ቤታችን ገባን። ሲስተሙ የሚጫንበት ዲስኩስ ብሎ የጠየቀ ማን አለ? ያን ጊዜ ዲስክ ለእኛ ዘፈን የሚሰማበት ነገር ነበር።

ጽጌ ጊጊሪ ሰፈር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ለጸሐፊነት አመልክታ ለፈተና ተጠርታ ነበር። ፈተናው ሰኞ ጠዋት፣ በኮምፒውተር። እሷ የምታውቀው ኮምፒውተር ደግሞ ይኼንኑ አንዱን ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ቫይረስ ገባበትና አልነሳም አለ። አብርተን አጠፋነው፣ አጥፍተን አበራነው፤ ሰማያዊ ስክሪን ያሳየንና ጸጥ ይላል። ጽጌም የፈተናውን መጥሪያ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያገባችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከልቅሶ ይኼ ይከፋል።

ቅዳሜ ሰፈራችን ሳይበር ካፌ የሚሠራውን ኦቲየኖን አማከርኩት። ዲስኩን ካመጣህ ሲስተሙን እንደ አዲስ እጭንልሃለሁ አለኝ። ዲስክ የለም። ሻጩን ጠይቀው አለኝ። ሻጩማ ይኼኔ ሮም ፀሐይ እየሞቀ ነው። ኦቲየኖ አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ አንዳንድ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ሲወጣ የሲስተሙን ቅጂ ሆዱ ውስጥ ደብቆ እንደሚመጣ፣ ሲበራ ኤፍ አሥራ አንድ የሚባለውን ቁልፍ ቢጫኑት እንደሚያወጣው ነገረኝ። "ጃሪቡ ቱ" አለኝ፤ ሞክረው ብቻ ማለቱ ነው።

እየሮጥኩ ቤት ስገባ የጽጌ አጎት ጋሼ ተፈራ መጥተዋል። ጋሼ ተፈራ ዛሬ ምግብ ቤት አላቸው፤ በወጣትነታቸው ግን አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ስለሠሩ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ይመለከተኛል ባይ ናቸው። ኮምፒውተር ሞተር የለውም ብላቸው ጆሯቸውን ማራገቢያው ላይ ደቅነው፣ "ይኼ የሚጮኸው ታዲያ ምንድነው?" አሉኝ።

ኤፍ አሥራ አንድን ተጫንኩ። እውነትም አንድ ነገር ከተደበቀበት ብቅ አለ፤ ግን በጣሊያንኛ። ለካ እንግሊዝኛውን ሰውየው በኋላ የጨመረበት ነው፤ ሆዱ ጣሊያናዊ ነበር። እኔ ቀዘቀዝኩ። ጋሼ ተፈራ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ።

"አቫንቲ ይላል። ቀጥል ማለት ነው፤ ምታው።"

መታሁት። ሌላ ገጽ መጣ። እሱንም መታሁት። ቀጥሎ ቀይ ምልክት ያለበት፣ አቴንሲዮኔ የሚል መጣ። ይኼሳ ብዬ ጠየቅኩ።

"ጠንቀቅ በል ነው።"

ከምን? እሱን ጋራዥ ውስጥ አልተማሩትም። ጽጌን አየኋት። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል አለች። አቫንቲ።

የባሰው፣ በኋላ እንደገባን፣ ውስጡ ያለው በሙሉ መጥፋቱ ነበር። የጀመርኩት ልብ ወለድ አብሮ ሄደ። ጽጌ እስከ ዛሬ ሥነ ጽሑፍ ምንም አልጎደለበትም ትላለች።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሥራው የት እንደደረሰ የምታሳየው መስመር መሙላት ጀመረች። የኳስ ዋንጫ ፍጻሜ አይቻለሁ፤ እንደዚህች መስመር ግን ልቤን አንጠልጥሎ የያዘ ነገር አላስታውስም። ግማሽ ላይ ስትደርስ ውጭ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ከመጣ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ከሄደ ሁሉም አበቃ። አምፖሉ አንዴ ፈዘዘ። ጋሼ ተፈራ የሚያውቁት ጸሎት አልቆባቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። መስመሯ ሞላች፤ ስክሪኑ ጨለመ፤ ከዚያ ያ የታወቀው የመክፈቻ ዜማ ተሰማ። ዘለልኩ። ጽጌ አጎቷን አቅፋ ሳመች፤ እኔን ዘለለችኝ።

ኮምፒውተሩ የተነሳው በጣሊያንኛ ነበር፤ ጽጌ ግን ላንብበው አላለችም። የትእዛዞቹን ቦታ ቦታ አጠናች፤ ማስቀመጫው እዚህ፣ ማተሚያው እዚያ እያለች እሑድን ሙሉ ስትመታ ዋለች። ሰኞ ጊጊሪ ስትቀመጥ ቦታው ሁሉ ያው፣ ጽሑፉ ግን የሚገባት እንግሊዝኛ ሆኖ አገኘችው። "ፈተናው ስለቀለለኝ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። ሥራውን አገኘች።

እኔስ? እኔም ስም አገኘሁ። ናይሮቢ ያለ ያገሬ ሰው ኮምፒውተር ሲበላሽበት አሁን ወደ እኔ ነው የሚደውለው። ዲስክ አለህ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ ሻጩ የየት አገር ሰው ነበር እላለሁ። በቀደም አንዱ ከኮሪያ ሰው ነው የገዛሁት አለኝ። እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት።