ትእዛዝ የሚቀበል ሱቅ

ትናንት ሌሊት፣ የወንድሜን ሱቅ ስልክ ውስጥ አስገብቼ በተኛሁበት ሌሊት፣ ሕልም አየሁ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ሱቁን ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምረው ደሴ መናኸሪያው ፊት ለፊት በጠባብ ቤት ውስጥ ጫማ በእጁ ይሠራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደንበኛ ጠፋበት። አከራዩ እትዬ ስንዱ ደግሞ ቤቱን ለልጃቸው የስልክ መሸጫ ሊያደርጉት ፈለጉና፣ "እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመጣልህ ቀጥል፤ ካልመጣ ቁልፌን አስረክበኝ" አሉት። እሱም እሺ አለ። ጋሼ ደምረው እሺ የማይለው ነገር የለም።

እኔ ኮምቦልቻ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ እያየሁ ያየሁትን ብቻ መጻፍ ነው። ኮድ መጻፍ አልችልም፤ አሁን ግን አያስፈልግም ሲባል ሰምቼ፣ ዓርብ ማታ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ተቀመጥኩና በአማርኛ እያዘዝኩ የመሸጫ መተግበሪያ አሠራሁ። "ትእዛዝ የሚቀበል ሱቅ ሥራልኝ" አልኩት። "ደንበኛ ያዘዘውን ሁሉ ሳታዛንፍ ፈጽም። የሆነውንም ወዲያው ለወንድሜ በስልኩ አሳውቀው።" እያንዳንዱን ቃል እንደ ናሙና መረመርኩት። እንከን አላየሁበትም። ለጋሼ ደምረው ደውዬ፣ "ስልኩ የሚልህን ብቻ አድርግ፤ አትጨምር፣ አትቀንስ" አልኩትና ጋደም አልኩ።

በሕልሜ ሱቁ ደርቶ ነበር። በሩ ላይ ግፊያ ነበር። የሚጋፉት ግን ጫማዎች ነበሩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፣ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ሰዎች እያገላበጡ ያያሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ። ሰዎቹ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ወረቀት ታስሮባቸው ዝም ብለው ቆመዋል። ተረከዘ ረጅም የሴት ጫማ አንድ ቀጭን ሰውዬ እግር ላይ ወጥታ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

"ይሄ ሰውዬ ጠበበኝ" አለች።

"ሲለመድ ይለጠጣል" አላት ሻጩ፣ አፉ የተከፈተ አሮጌ ከስክስ ጫማ።

"ባለፈው የሸጥክልኝ ዝናብ ሲነካው ተላጠ።"

"እሱ የተማረ ነበር። ይሄ ዝናብ የለመደ ነው።"

ሴቲቱ ጫማ ሰውየውን አስጠቅልላ ሄደች።

ጋሼ ደምረው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። የሥራ ሽርጡን እንዳደረገ ቆሟል። ማንም አይለካውም። አንድ ቡናማ ጫማ ቀና ብሎ አየውና፣ "ይሄኛውስ?" ብሎ ጠየቀ።

"እሱ ማስታወቂያ የለውም" አለ ከስክሱ። "ማስታወቂያ የሌለው ሰው እግር ይኑረው አይኑረው በምን ይታወቃል?"

ወንድሜ አየኝ። "ልሳኔ፣ መጣህ?" አለኝ። ስሜ ልሳነወርቅ ነው፤ እሱ ግን እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "በል አውርደኝ፤ እግሬ ደነዘዘ።"

እጄን ዘረጋሁ። ከስክሱ መታኝ።

"በእጅ አይነካም። እዚህ ሁሉ ነገር በቃል ነው። ትእዛዝ ክፍል ሂድ።"

ትእዛዝ ክፍል ጣሪያው የማይታይ አዳራሽ ሆነ። ስልኮች ጠረጴዛ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰዎች ፊታቸው ቆመው ይታዘዛሉ። መነጽር ያደረገ አንድ ስልክ ፊቱ የቆመውን ሰው፣ "የአርባ ዓመት አባት ሁን። ደስ ያለው። አዲስ ጫማ የገዛ" አለው። ሰውየው ሆነ። ፈገግ አለ።

"ጥርሱ በዛ። እንደገና።"

ሰውየው ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"አሁን ደግሞ ጣትህ ስድስት ሆነ። እንደገና።"

"እናቴ የወለደችኝ በአምስት ነበር" አለ ሰውየው ጥርስ በሌለው አፉ።

"እሷን ማን ጠየቃት? ቀጣይ!"

ቀጣዩ እኔ ነበርኩ።

"አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?" አለኝ ስልኩ።

"አንተ ይበቃኛል።"

"የምትፈልገውን በአጭሩ ተናገር። ግልጽ አድርገው። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።"

እኔ ቃል የማባክን ሰው አይደለሁም። አሰብኩ፤ መረጥኩ፤ የመረጥኩትን በልቤ ደግሜ አየሁት። ከዚያ፣ "ወንድሜን ከመደርደሪያው አውርዱልኝ" አልኩ።

"እየወረደልህ ነው" አለና ወደ ኪሴ አመለከተኝ።

የራሴን ስልክ አወጣሁ። "ደምረው እየወረደ ነው፤ እባክዎ ስልክዎን አያጥፉ" ይላል። ከጽሑፉ ሥር አንድ የእግር ጣት አለ። ጥፍሩ የጋሼ ደምረው ጥፍር ነው፤ መዶሻ የሳተበት ጊዜ የጠቆረው።

"እንደሱ ማለቴ አይደለም" አልኩ።

"ያልከውን ነው የሰማሁት" አለ ስልኩ። "ማለትህን ከፈለግህ ማለት ክፍል ሂድ። ዛሬ ዝግ ነው።"

ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ስደርስ ወንድሜ ከጉልበቱ በታች አልነበረም። በአየር ላይ ቆሟል።

"ልሳኔ፣ እግሬ የት ሄደ?"

"እኔ ጋ ነው፣ ጋሼ።"

"በል እንዳይበርደው።"

ስልኩን ብብቴ ሥር ከተትኩት። ጭኑ ወረደ። ሽርጡ ወረደ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ስልኩ ጮኸ፤ አወጣሁት። "ቦታ ሞልቷል። ለመቀጠል የሚጠፋ ይምረጡ" ይላል። የሚጠፋውን ከፈትኩ። ፎቶ መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት ግን ትዝታዬን ነው። እናታችን ከደጅ ስሜን ስትጠራኝ አለ፤ ትንሽ ቦታ ነው የያዘው። የመጀመሪያውን የደም ጠብታ በመስታወት ያየሁበት ቀን አለ፤ እሱም ትንሽ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጋሼ ደምረው የገዛ ጫማውን ቀዶ በልኬ ሰፍቶልኝ፣ እሱ በነጠላ ጫማ እኔ በቆዳ ጫማ ትምህርት ቤት የሄድንበት ክረምት ነበር። እሱ ብቻ ቢጠፋ ወንድሜ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል።

"ምን ይላል?" አለ ከላይ የቀረው ግማሹ።

"አንድ ነገር አጥፋ ይላል።"

"ያለህን አጥፋ፤ ትእዛዝ አይደል?"

"ጫማውን ነው የሚለው። የክረምቱን።"

"እሱን እንኳ ተወው" አለ ጋሼ ደምረው። "እኔ ግማሼን እዚህ ብሆን ግድ የለም።"

ግን ግማሽ ሰው እንዴት ይተዋል? ነካሁት። ጠፋ። ደረቱ ወረደ፤ እጁ፣ አንገቱ፣ ፊቱ ወረደ። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ፣ "ጋሼ" አልኩት።

ከመስታወቱ ውስጥ አየኝ። የት እንዳየኝ ለማስታወስ ሞከረ፤ አቃተው። ከዚያ ለማያውቀው ደንበኛ እንደሚያደርገው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣

"ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

ነቃሁ።

ረፍዶ ነበር። ስልኩ ትራሱ አጠገብ እየበራ ነው። መተግበሪያውን ከፈትኩት። ጎሕ ሲቀድ አንድ ሰው ጽፏል። የመጀመሪያው ደንበኛ ነው፤ እውነተኛ ሰው፤ ስሙ አንዱዓለም ይባላል።

"እንደምን አደራችሁ። ለሰርጌ ለሚዜዎቼ ስድስት ጥንድ ጥቁር ጫማ እፈልጋለሁ። ሥራችሁን አውቀዋለሁ። ብዙ ስለምወስድ ትንሽ አስተያየት አድርግልኝና ዝጋው። ሐሙስ ይዣቸው መጥቼ ይለካሉ።"

ከሥሩ መተግበሪያዬ መልሷል።

"ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። በትእዛዝዎ መሠረት ሱቁ ተዘግቷል።"

ከሥሩ ደግሞ ሰውየው፣ "አይ ጉድ። በሉ ሌላ ቤት እሞክራለሁ" ብሏል።

ጽሑፉን እንደ ናሙና ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ደሴ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ የት ነህ?"

"ሱቁ በር ላይ ነኝ" አለኝ። "በውጪ በኩል። ቁልፉን አሁን ለእትዬ ስንዱ አስረከብኩ።"

"ለምን?"

"ስልኩ ሱቅዎ ተዘግቷል አለኝ። አንተ አይተኸው ነው ብዬ ነዋ። አንተ ያላየኸውን አትጽፍም።" ከጀርባው ሣጥን ሲጎተት ይሰማል። "አትዘን። ደግሞ ደንበኛ አማርኛ ነው የጻፈልኝ፤ ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን ብሎኛል። እትዬ ስንዱ እንኳ ሲያነቡት እንባ ተናነቃቸው።"

"ልጃቸው ገብቷል?"

"እያስገባ ነው። መደርደሪያዬን ወዶታል፤ ለስልክ ልክ ነው አለኝ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልሳኔ፣ ለመሆኑ አንድ ሰው እንኳ አዘዘ?"

"አንድ ሰው አዘዘ።"

"ምን ብሎ?"

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ከአንዱዓለም መልእክት ሥር ባዶ ሣጥን አለ፤ እኔው ራሴ እንዲጻፍበት ያዘዝኩት ቃል በውስጡ ብልጭ ድርግም ይላል።

"ምን ልታዘዝ?"